ልብ አለማለት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኢንኮጂታንሲ» የሚባል ቃል አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ዛሬ ግን ከመዝገበ ቃላት በቀር የሚገኝበት ስፍራ ጥቂት ነው። ትርጓሜውም አለማሰብ ማለት ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። «ኢን» አፍራሽ ሲሆን «ኮጊታሬ» ማሰብ ነው። የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ይህን ግስ መሰብሰብ ከሚለው ቃል ጋራ አዛምዶ፣ ማሰብ ማለት በልቡና ተበትኖ ያለውን ማከማቸት መሆኑን አስረድቷል። የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ማነቃነቅ ከሚለው ግስ የመጣ ነው ይላሉ። እኛም ስለሚያስብ ሰው «አወጣ፣ አወረደ» እንላለንና ምሥጢሩ እንግዳ አይሆንብንም።

እንግዴህ ይህ ቃል የሚነቅፈው ማንን ነው? ሞኙን አይደለም፤ ሞኝ አውጥቶ ለማውረድ ዐቅም ያንሰዋል። ክፉውንም አይደለም፤ ክፉ ሰው አስቦ ይበድላል። የሚነቅፈው ማሰብ ሲችል ያላሰበውን ነው።

ታዲያ «ልብ አላልሁም» ማለት ከበደል ያነጻልን? አንድ ሹም በጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት ሳያነብ ሲፈርም፣ የአንዲት መበለት የጡረታ አቤቱታ አብሮ ውድቅ ሆነ እንበል። በሹሙ ልብ ክፋት አልነበረም፤ ልጆቿ ግን ጦማቸውን ማደራቸው አልቀረም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ. ም. አይሁድን ወደ ሞት ስፍራ የማጓጓዙን ሥራ ያደራጀው አዶልፍ አይክማን በኢየሩሳሌም ለፍርድ ቀረበ። ችሎቱን የተከታተለችው ሐና አረንት በ1963 ዓ. ም. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰውየው ሞኝ ሳይሆን ማሰብ የጎደለው መሆኑን ጻፈች። ከእርስዋ በኋላ የተነሡ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አምኖበት ያደረገው ነው ሲሉ ተቃወሟት። ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር ምንም ይሁን ምን፣ አለማሰብ ትንሽ ነውር ብቻ ነው ብለን እንዳንንቀው ጽሑፏ ያስጠነቅቀናል።

እኛ እንደሚመስለን «ልብ አላልሁም» የሚለው ቃል ማመካኛ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ልብ የተሰጠን ልብ እንድንልበት ነውና። ስለዚህ ሥልጣን ያለን ሁሉ ብዕራችንን በወረቀቱ ላይ ከማሳረፋችን በፊት፣ በዚያ ወረቀት ውስጥ ያለውን ሰው እያሰብን አንድ ጊዜ እናውጣ፣ እናውርድ።