የማይታይ ሥራ

በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አቀርብላችኋለሁ። ሰው እያየን የምንሠራውና ማንም ሳያየን የምንሠራው ሥራ በእርግጥ አንድ ዓይነት ነውን? ሁላችንም «አዎን፤ አንድ ዓይነት መሆን አለበት» ብለን አፋችንን ሞልተን እንመልሳለን። በአፍ ሲመልሱት ቀላል ነው፤ የሚከብደው እጃችን መዶሻ የያዘ ጊዜ ነው። እኔም ይህን የተማርኩት ከአንድ በርጩማና ከአንድ ሚስማር ስለሆነ፣ ነገሩን እንደሆነው አድርጌ ላጫውታችሁ።

የ8ኛ ክፍል ፈተና በተፈተንኩበት ክረምት እናቴ፣ «ሁለት ወር ሙሉ በር ላይ ተቀምጠህ ዝናብ ከምትቆጥር ሙያ ብትለምድ ይሻላል» ብላ በሰፈራችን ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ ብቻ እየሄድኩ እሠራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ ሰጋቱራ መጥረግ፣ ኮላ ማዘጋጀትና ሲጋዝ እንጨት መያዝ ነበር። ደመወዜም ደብተርና እስክሪብቶ ከመግዛት የማታልፍ ነበረች፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ ለእናቴ ስኳር ገዝቼ የገባሁ ዕለት የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ በተቀበልኩት በማናቸውም ደመወዝ አላገኘሁትም። ከእናንተም መካከል ቆሎ የሸጠ፣ ጫማ የጠረገ፣ ወይም በቀን ሥራ ድንጋይ ያቀበለ ቢኖር ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ባለሙያው ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ቀስ በቀስም መላጊያ መግፋትና በመሮ መፈልፈል አስተማሩኝ። በርጩማ ሲሠራ የእግሩ ጫፍ ይጠረብና «ወንዴ» ይሆናል፤ በመቀመጫው ላይ ደግሞ ለእርሱ ልክ የሆነው «ሴቴ» ይፈለፈላል። ሁለቱ በኮላ ተጋጥመው ሲደርቁ የተቀማጩን ክብደት የሚሸከመው ያ መጋጠሚያ ነው። ገዢ የሚያየው ግን ልስላሴውንና ቫርኒሹን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ዋንዛ ሊገዙ ሄደው ብቻዬን ሳለሁ፣ እግሩን ለማስገባት በኃይል ስመታው ወንዴው ከሥሩ ተሰነጠቀ። አዲስ እግር መጥረብ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ይፈጃል፤ መናገሩም አሳፈረኝ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ስንጥቁን ሞላሁት፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቫርኒሽ ቀባሁት። ስጨርስ ከሌሎቹ ሁሉ ያማረው እርሱ ሆነ። በማግሥቱም በመንገድ ዳር ቡና እያፈሉ የሚተዳደሩ አንዲት እናት መጥተው ከተደረደሩት መካከል ያንኑ መርጠው ገዙት። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በርጩማውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ተመለሱ። ሌላው እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቡና ሲቀዱ እግሩ ተሰብሮ ወድቀው፣ የፈላው ጀበና በእጃቸው ላይ ተደፍቶ ኖሯል። እኔ ስድብ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን፣ «ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ከብጄበት መሰለኝ። ታበጁልኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የተበደለ ሰው ራሱን በደለኛ አድርጎ ሲናገር እንደ መስማት ያለ ቅጣት አላውቅም።

ጋሼ የተሰበረውን እግር ገልብጠው አዩት፤ ሰጋቱራውን በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አድርገው ቀና ብለው ተመለከቱኝ። በሴትዮዋ ፊት አንዳች አልተናገሩም። ሌላ በርጩማ አንሥተው ያለ ዋጋ ሰጧቸው። ከሄዱ በኋላ ግን፣ «እንጨት ይሰነጠቃል፤ የእኔም ስንት ጊዜ ተሰንጥቋል። በዚህ አልቆጣህም። የሸፈንከው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ የቅዳሜ ደመወዜንም ሳይቀንሱ ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ በሥራ ቤቱ ውስጥ ተጠንቃቂ ልጅ ሆንኩ፤ ትምህርቱም የገባኝ መሰለኝ። ነገር ግን የተማርኩትን ወደ ቤቴ ስገባ ደጅ ላይ ትቼው እገባ ኖሯል።

በሚቀጥለው ክረምት የቤታችን ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። እናቴም «አሁንማ ባለሙያ አለን» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ ጎበጥ ባለው ላይ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ውኃ የሚወርደው ጎድጎድ ባለው በኩል ነውና በዚያ ላይ የተመታ ሚስማር ውኃን ወደ ቤት መጋበዝ ነው። ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነው የቆርቆሮ ሚስማርም ከሥሩ ጎማ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። ሆኖም ጓደኞቼ ኳስ ይዘው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ከመሳቢያ ያገኘሁትን ተራ ሚስማር ያለ ጎማ፣ እጄ በደረሰበት ጎድጓዳ ላይ መትቼ ወረድኩ። እናቴ መረቀችኝ፤ እኔም ወደ ኳሴ ሮጥኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ውኃ ጠምቶኝ ስነሣ፣ ታናሽ እኅቴ በጨለማ ባልዲ ተሸክማ ወደ ደጅ ስትወጣ አገኘኋት። እኔ ጣራውን «ካበጀሁበት» ቀን ጀምሮ ዝናቡ በአልጋዋ ራስጌ ላይ ይወርድ ነበር። አልጋዋን ወደ ጥግ ገፍታ፣ ባልዲ ከሥሩ አድርጋ፣ በየሌሊቱ እየተነሣች ትደፋው ኖሯል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «እማዬ ባንተ በጣም ደስ ብሏት ነበር፤ ደስታዋን እንዳላበላሽባት ብዬ ነው» አለችኝ።

በነጋታው ጣራ ላይ ወጥቼ ሚስማሩን ነቀልኩ፤ ቀዳዳውን በካትራሜ ደፈንኩ፤ ቆርቆሮውንም ጎበጥ ባለው በኩል ጎማ ባለው ሚስማር መታሁት። ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። እኅቴ 21 ሌሊት ያለ በቂ እንቅልፍ ያደረችው እኔ አንድ ሰዓት ስለነፈግኋት ነበር።

ስለዚህ ነገር ደጋግሜ አሰብኩ። በደመወዝ የሠራነውን መጥፎ ሥራ አሠሪ ይመረምረዋል፤ ገዢም ይመልሰዋል። በቤት ውስጥ ግን መርማሪ የለም። የሚወዱን ሰዎች ጥፋታችንን ለእኛው ሲሉ ይሸፍኑልናል፤ እኛ በሰጋቱራ የሸፈንነውን እነርሱ በዝምታቸው ይሸፍኑታል። ቡና የሚያፈሉት እናት መጋጠሚያውን ማየት ስለማይችሉ አልተናገሩም፤ እኅቴ ደግሞ አይታ በፍቅር ዝም አለች። ሁለቱም ያመኑኝ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ መጋጠሚያውን ለማያይ ወይም አይቶ ለማይናገር ሰው የምንሠራው ሥራ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ደመወዝ ስለሌለው አይቀልም፤ እንዲያውም የሚጠይቀን ሰው ስለሌለ ይከብዳል።

ሌላም ያሳፈረኝ ነገር አለ። እኔ አንድ ሚስማር አጣምሜ መትቼ ተመረቅሁ፤ እኅቴ ግን በየሌሊቱ ባልዲ ስትደፋ ማንም «ሥራ» ብሎ አልጠራላትም። በየቤታችን እንጀራ የሚጋግሩ፣ ልብስ የሚያጥቡና የታመመ የሚያስታምሙ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የሚሠሩት ሥራ የሚታወቀው የቀረ ዕለት ብቻ ነው። እኛ ወንዶች በዓመት አንድ ጊዜ መዶሻ አንሥተን ምስጋና ከመጠበቃችን በፊት ይህን ብናስብ መልካም ነው።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ተብሏል፤ ሁሉን በገዛ እጃችን ብንሠራ የድኻውን ባለሙያ እንጀራ መንጠቅ አይሆንብንምን?» ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። እንደ ኤሌክትሪክ ባለው ሕይወት በሚያጠፋ ሥራ ባለሙያ መጥራት ግዴታ ነው፤ ሲመጣም ዋጋውን አሟልቶ መክፈል ይገባል። ነገር ግን መሮ ይዞ የማያውቅ ሰው ከአናጺ ጋር ያለ ርኅራኄ ሲከራከር አይቻለሁ። አንዲት በርጩማ ጠርቦ የሚያውቅ ሰው ግን የአናጺው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ስለሚገባው ቶሎ አይከራከርም።

አገራችንም በዚህ በኩል የቆየ ዕዳ አለባት። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረስን፣ ሸማኔው የሠራውን እየለበስን፣ ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ምጣድ እየጋገርን ሠሪዎቹን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሰው በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ ግን አፍን እንጂ ልብን አይገዛም፤ ንቀቱ ከልብ የሚወጣው ራስ ሠርቶ ሲያዩት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም እያስተማረ በእጁ ድንኳን ይሰፋ እንደነበረ ሁላችንም ተምረናል።

በመጨረሻ የቀረብኝን ዕዳ ልናገር። እኅቴን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሳቀችብኝ እንጂ አልተቀየመችኝም። እኒያን እናት ግን አልጠየቅኋቸውም። ጋሼ በፊታቸው ስላላጋለጡኝ ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድፍረት አግኝቼ ብሄድ ሰፈሩ ፈርሶ ቆየኝ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝም አላገኘሁም። ዛሬም ምናልባት፣ «ከብጄበት ነው» እያሉ ይሆናል። ይህን ሳስብ ያ ስንጥቅ እስከ አሁን እንዳልተጠገነ ይሰማኛል።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእናንተ ሥራም አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ በዚህ አትደንግጡ። ስንጥቁን ግን ባለቤቱ ሳይርቅ ተናገሩ። ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስም ከዚህ ቀደም «ሠርቼዋለሁ» ያልነውን አንድ ነገር፣ ወንበርም ይሁን ጣራ፣ ገልብጠን እንየው። ምናልባት በጸጥታ ባልዲ የሚደፋልን ሰው ይኖር ይሆናል።