ጅምር ሥራና የሕዝብ አመኔታ

አንድ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ መድረስ ያለበት መቼ ነው? ከተጠናቀቀ በኋላ ብቻ ነውን? ወይስ ጅምር እያለም መቅረቡ የሚፈቀድበት፣ እንዲያውም ግዴታ የሚሆንበት ሁኔታ አለ? ጥያቄው ለሠዓሊው፣ ለጸሐፌ ተውኔቱና ለመምህሩ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ተጨባጭ መልስ ሲሰጠው የሚታየው በሌላ የሥራ መስክ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ሶፍትዌር ዝግጅት ነው።

ሊኑክስ በተሰኘው የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚገለገል ሰው የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚያገኘው ከአንድ የጋራ ማከማቻ ነው። ከአንጋፋዎቹ ማከማቻዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ሲሆን፣ የሚንከባከቡትም በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጥቅል አዘጋጅ የሚባለው ባለሙያ ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ተቀብሎ፣ ከሥርዓቱ ጋር አስማምቶ፣ የእትም ቁጥር ሰጥቶ በማከማቻው ያኖረዋል። ፕሮግራሙን የጻፈው እርሱ አይደለም፤ የሚገለገልበትም እርሱ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል የቆመ ባለአደራ ነው።

የአደራው ክብደት ጎልቶ የሚታየው ጥቅሉ የድረ ገጽ ማሰሻ፣ ለምሳሌ ፋየርፎክስ፣ በሆነ ጊዜ ነው። ሰው ደብዳቤውን የሚያነበው፣ የባንክ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያስቀምጠው በማሰሻው ነው። የፋየርፎክስ አዘጋጅ ሞዚላ ደግሞ ከተጠናቀቀው እትም አስቀድሞ ጅምር እትሞችን ያወጣል። ናይትሊ የተባለው በየዕለቱ የሚሠራ ሲሆን፣ ቤታ የተባለው ለመውጣት የተቃረበው እትም የሚፈተሽበት ነው። ጥቅል አዘጋጁ እነዚህን ያቅርብ ወይስ ይከልክል?

ይከልክል የሚለው ወገን መነሻው አመኔታ ነው። ማከማቻው የተመረመረ ነገር የሚገኝበት ስፍራ እንደሆነ ሕዝቡ ያምናል፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ ያልበሰለውን ማኖር ይህን እምነት መሸርሸር ነው። ያቅርብ የሚለው ወገን ደግሞ መነሻው የእውቀት ጠባይ ነው። የአንድ ፕሮግራም ጉድለት በሠሪው ክፍል ውስጥ ተሟልቶ አይታይም፤ የሚገለጠው በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች፣ ቋንቋዎችና ልማዶች ሲፈተን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉ፣ ጅምሩን የሚፈትን ፈቃደኛ ከሌለ ተፈታኙ ሳያውቅና ሳይጠየቅ መላው ተጠቃሚ ይሆናል።

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ቅራኔውን የሚፈታው ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን የአቀራረቡ ሐቀኝነት ነው። ሊጥን ሊጥ ብሎ የሰጠ ሰው ማንንም አላታለለም፤ በደሉ ሊጡን እንጀራ ብሎ ማቅረብ ነው።

በዴቢያን ይህ ሐቀኝነት በአሠራሩ ውስጥ ተቀርጾ ይገኛል። የተረጋጋው፣ በፍተሻ ላይ ያለውና ያልተረጋጋው ክፍል የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ያልተረጋጋው ክፍል መጠሪያው ሲድ ነው፤ ስሙም የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ቶይ ስቶሪ ከተሰኘው ፊልም፣ አሻንጉሊቶችን ከሚሰባብረው ልጅ ነው። ከዚህም አልፎ የሙከራ ክፍል አለ፤ ተጠቃሚው ለይቶ ካልጠየቀ በቀር በዚያ የተቀመጠ አዲስ ጥቅል በራሱ ወደ ኮምፒዩተሩ አይገባም። በእትም ቁጥር አጻጻፍም አንዲት ሞገድ መሰል ምልክት አለች። ከቁጥሩ ቀጥላ ቤታ ከሚለው መለያ በፊት ስትገባ፣ ሥርዓቱ ጅምሩን እትም ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከተጠናቀቀው በታች ያደርገዋል፤ የተጠናቀቀው ሲመጣም ጅምሩ ቦታውን ይለቃል። ምልክቷ ብትዘነጋ ግን ጅምሩ ከፍጹሙ በላይ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላል። የጥቅል አዘጋጁ ግብረገብ በዚህች ትንሽ ምልክት ይፈተናል።

ስምም ቃል ኪዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዚላ፣ ዴቢያን በፋየርፎክስ ላይ የሚያደርጋቸው ለውጦች በእርሱ ካልጸደቁ በስሙ መጠቀም እንደማይቻል ስላሳወቀ፣ ዴቢያን ማሰሻውን አይስዊዝል ብሎ ሰየመው፤ ፋየርፎክስ የሚለው ስም የተመለሰው በ2016 ነው። ከክርክሩ በስተጀርባ የነበረው ጥያቄ፣ ሁለት እጆች ለነኩት ሥራ በማን ስም መልስ ይሰጣል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሞዚላ የናይትሊን ጥቅል ለዴቢያንና ለመሰሎቹ ራሱ ማቅረብ ሲጀምር፣ በዚያ መንገድ ለሚመጣው ጥቅል ኃላፊው ያለ አማላጅ ሠሪው ሆነ።

ይሁንና ማስጠንቀቂያ ብቻውን ነጻ አያወጣም። አዲሱ እትም የነካውን የተጠቃሚ መረጃ አሮጌው እትም በደህና ላይከፍተው ይችላል። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ እያንዳንዱ ተከላ የራሱ የመረጃ ማኅደር እንዲኖረው ያደረገውና በአዲሱ የተከፈተውን ማኅደር በአሮጌው ከመክፈት የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጅምርን የሚያቀርብ ሰው መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ማሳየት አለበት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መስማት አለበት። «አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ» የሚለው ቃል የስንፍና መጠለያ ሊሆን ይችላል። ፈቃደኛው ጉድለት አግኝቶ ሲያመለክት የሚያነብና የሚያርም ከሌለ፣ ፍተሻ የተባለው ነገር የሰውን ጊዜና ድካም በከንቱ መውሰድ ነው።

ይህ ሥርዓት ለኪነ ጥበብና ለትምህርትም ይሠራል። ልምምድ ላይ ያለ ተውኔት ለተመልካች ሊታይ፣ የሙከራ መማሪያ መጽሐፍም በክፍል ውስጥ ሊፈተን ይችላል። ነገር ግን ተመልካቹ ልምምድ መሆኑን ሊያውቅ፣ የተማሪው ውጤት በመጽሐፉ ስሕተት እንዳይጎዳ ሊጠበቅ፣ የሁለቱም አስተያየት በሥራው ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይገባል። ጅምር መሆን ነውር አይደለም፤ የሰው ሥራ ሁሉ አንድ ቀን ጅምር ነበር። ነውሩ የሌላውን ሰው አመኔታ ሳያስፈቅዱ መሞከሪያ ማድረግ ነው።