ሁለት ስእለት፣ አንድ ወንበር

ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ቢሳል መልአኩ የማንን ይሰማል? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ በራሴ ላይ ከደረሰ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እኔና ጓደኛዬ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ባለ አንድ የኮሚኒቲ ኮሌጅ የነርሲንግ ፕሮግራም ለመግባት በአንድ ዙር አመለከትን። እኔ ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ተሳልኩ፣ እሷም ለዚያው ለገብርኤል መጋረጃ ተሳለች። እኔ ገባሁ፣ እሷ ቀረች።

እናቴ ደሴ ሆና ወሬውን ስትሰማ «ገብርኤል ሰማሽ፣ ልጄ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ስለ እኔ ስንት ሱባኤ ይዛለች፤ ደስታዋ ይገባታል። ቃሏ የሚወስደኝ ቦታ ግን ያስፈራኛል። እኔን ሰምቶ ከሆነ ጓደኛዬን ሳይሰማ ቀርቷል ማለት ነው፤ ጸሎቷ ከእኔ ጸሎት በምን አነሰ?

ሁለታችንም ሌሊት ነርሲንግ ሆም በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እንሠራለን። አረጋውያንን ስናገላብጥና ስናጥብ አድረን፣ ጠዋት አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ከነላብራቶሪያቸው ተማርን። ከዚያ ቲስ የሚባለው የመግቢያ ፈተና መጣ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተለመደው ዝቅተኛ ማለፊያ ከመቶ 62 ነው። ሁለታችንም አለፍን። ነገር ግን ጓደኛዬ ፊዚዮሎጂን ስትወስድ አባቷ አገር ቤት ዐርፈው ነበር። ሄዳ መቅበር ስላልቻለች እዚሁ በጠባቧ ክፍሏ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ትምህርቱን አቋርጣ ኋላ እንደገና ወሰደችው። በብዙ ኮሌጆች ቀመር የሳይንስ ኮርስ መድገም ነጥብ ይቀንሳል።

የካሊፎርኒያ የትምህርት ሕግ እንዲህ ላለው ችግር ጨካኝ ነው ማለቴ አይደለም። አመልካች ከቦታ ሲበልጥ ኮሌጆች ከውጤት ሌላ የሰውን ኑሮ እንዲመዝኑ ይፈቅዳል፤ የቤተሰብ ገቢ ዝቅተኛነትን፣ ከቤተሰብ ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያ መሆንን፣ ስደተኝነትን፣ እየሠሩ መማርን፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መቻልን። የሚያስመሰግን ሕግ ነው። ሆኖም ቅጹን ስሞላ እጄ ከብዶኝ ነበር። ችግሬን በማስረጃ አስደግፌ አቀርባለሁ፣ አንዱ ችግር ይቆጠራል፣ ሌላው ማስረጃ የለውም ተብሎ ይቀራል። ከሩቅ የተለቀሰ ለቅሶ ምን ዓይነት ወረቀት ይወጣለታል? ጌታ በመቅደስ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ሲመዝን የጎደላትን አይቶ ነበር። እንዲህ መመዘን የእሱ ነው፤ ኮሚቴ ሊያደርገው አይችልም፣ እንዲያደርገውም አልጠብቅም።

ብቁ ከሆኑት መካከል በዕጣ የሚለዩ ኮሌጆችም አሉ። አንዳንድ የእኛ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንደ ኮንዶሚኒየም?» ብለው ያዝናሉ። እኔ ግን ዕጣን አልንቅም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አንድ ላይ የይሁዳ ቦታ ሲጎድል ጴጥሮስ መጀመሪያ መስፈርት አወጣ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት እስከ ዕርገቱ አብሮ የነበረ መሆን አለበት አለ። መስፈርቱን ያሟሉ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፣ ኢዮስጦስ የሚሉት ዮሴፍና ማትያስ። ከዚያ ተጸለየ፣ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። በእኛ ዘመንም፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የግብጽ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን አቡነ ታዋድሮስን ስትሾም ከሦስቱ ስሞች አንዱን ያነሣው ዓይኑ የታሰረ ልጅ ነው።

ያን ምዕራፍ ደጋግሜ ሳነብ የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው። ማትያስ ለራሱ ሲጸልይ አናይም፤ ዮሴፍም እንደዚያው። የጸለየው ጉባኤው ነው፤ የጸለየውም ስለ ጎደለው አገልግሎት ነው። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ጸሎቱ ወደቀ የሚል አንድም ፍንጭ የለም፤ ጥንትም ቢሆን ከሰባው አርድእት ቆጥረውታል። ስእለታችን የተጣላው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የተሳልነው ለወንበሩ ነበር። ወንበሩ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ የተኛችው ታማሚ ግን ሁለታችንንም ትፈልጋለች። ስለ እሷ የሚቀርብ ጸሎት የማንንም ጸሎት አይገፋም።

ይህ ማለት ግን ጓደኛዬን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብዬ አጽናናታለሁ ማለት አይደለም። ይህን የሚሏት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን የሰውን ጉድለት በእግዚአብሔር ላይ ስለሚያሳብቡ ነው። ቦታው ለምን ጠበበ? ነርስ የሚያስተምር ሰው በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል፣ ደመወዙ ግን ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ከሚሠራ ነርስ ያንሳል። ተማሪን የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ውስን ናቸው፤ አንድ የክሊኒክ አስተማሪ በአንድ ጊዜ መቆጣጠር የሚችለው አሥር ገደማ ተማሪ ነው። የሁለት ዓመቱ የነርሲንግ ትምህርት ራሱ የተጀመረው እጥረትን ለመሙላት ነበር። ሚልድሬድ ሞንታግ በ1951 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ስታቀርብ አሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነርስ አጥታ ነበር፤ በዓመቱ ሙከራው ተጀመረና በሩ እንደ እኛ ላሉ ሠራተኞች፣ ለእናቶችም ተከፈተ። ሰው ያሰፋውን በር ያጠበበውም ሰው ነው። ገብርኤል የመምህራንን በጀት አልቆረጠም።

ስእለቴን አስገብቻለሁ፤ የተሳሉትን ማስቀረት አልችልበትም። ጥላውን ስሰጥ ግን ያመሰገንኩት ስለ ሌሊቶቹ ብርታትና ስላሳደጉኝ ሰዎች ነው። ከጓደኛዬ በልጬ ተመረጥኩ የሚል ምስጋና ከአፌ አልወጣም፤ እናቴንም እንዲህ እንዳትል ለመንኳት። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፣ አሁን በጸሎቷ የሁለታችንንም የክርስትና ስም ታነሣለች።

ያሰብኩትንም ለጓደኛዬ ነገርኳት። ፈቃዱ ከሆነ አር ኤን (የተመዘገበ ነርስ) ከሆንኩ በኋላ ማስተርሱን እይዝና አስተምራለሁ፤ አንድ አስተማሪ ሲጨመር አሥር ወንበር ይጨመራልና። ጥሩ ሐሳብ ነው አለች፣ ግን እስከዚያ መቆየት አልችልም፤ የሚቀጥለው ማመልከቻ ከመዘጋቱ በፊት የቲስ ነጥቤን ከፍ ማድረግ አለብኝ፣ የሳይንሱን ክፍል አስጠኚኝ አለችኝ። ቅዳሜ ሁለታችንም ሥራ የለንም፤ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት እንጀምራለን።