ታማኝነት ለማን?

በሚያዝያ 1846 ዓ.ም. አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ ቪየና ላይ የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን አገባች። ስሟ ኤልሳቤጥ ነው፤ አውሮፓ ግን እስከ ዛሬ «ሲሲ» እያለ ያቆላምጣታል። ዐሥር ወር ያህል ቆይቶ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ካሳ ኃይሉ በሰሜን ደረስጌ ማርያም «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብሎ ሲነግሥ፣ የደብረ ታቦሩ ጌታ የራስ አሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች የንጉሠ ነገሥት ሚስት ሆነች። ሁለቱ ሴቶች ባንድ ዘመን ወደ አንድ ዓይነት ወንበር ወጡ። ኤልሳቤጥ ከአማቷ ጋር እንዳልተስማማች፣ ልጇ ሩዶልፍ ራሱን እንዳጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ጄኔቭ ላይ በተሳለ ሞረድ ተወግታ እንደ ሞተች ዓለም ያውቃል። ግጥሟና ደብዳቤዋ ታትሟል፣ ፊልም ተሠርቶላታል፣ ቪየና ላይ ሙዚየም ቆሞላታል። ተዋበችን ግን የምናውቃት ሌሎች ባወሩላት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ቁጭት የሙዚየም ቁጭት አይደለም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ቴዎድሮስ ሚስቶች የምናውቀው ጥቂት ሆኖ ሳለ የፈረድነው ግን ብዙ ነው። ተዋበችን «ታማኝ ሚስት» ብለን አመሰገንናት። ሁለተኛይቱን፣ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን፣ «ኩሩ፣ ልቧ የማይገኝ» ብለን አማናት። ለመሆኑ ይህ ፍርድ በምን ሚዛን ተመዘነ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከጉና ተራራ ግርጌ የምትገኘው ደብረ ታቦር በራስ ጉግሣ ዘመን ተቆርቁራ በራስ አሊ ዘመን የአገሪቱ እውነተኛ መዲና ነበረች። ጎንደር ላይ ንጉሥ ይቀመጥ ነበር፤ አድራጊ ፈጣሪው ግን የደብረ ታቦሩ ራስ ነበር። ከቋራ የተነሣው ካሳ በሸፈተ ጊዜ ራስ አሊና እናቱ እቴጌ መነን በጦር ብቻ እንደማይበግሩት ስላወቁ ዘዴ ፈለጉ። ዘዴው ጋብቻ ሆነ፤ ተዋበች ተሰጠችው። «ተሰጠችው» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የተሰጠችው እንደ ገመድ ነው፤ አንድን ጉልበተኛ ከአንድ ቤት ጋር እንድታስር።

ገመዱ ግን አላሰረም። ካሳ በ1839 ዓ.ም. ራሷን እቴጌ መነንን በጦርነት ማረካት፤ በድርድርም ለቀቃት። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል ነሣው፤ የየጁ ራሶች ዘመንም በዚያው አከተመ። ተዋበች በዚህ ሁሉ መካከል ከባሏ ጎን ቆመች። እንዲያውም አማቱ በናቀችው ጊዜ «ንቀቱን ዝም ብለህ አትለፍ» ብላ ያነሣሣችው እሷ ነች ይባላል። አብረው ቆረቡ። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ቴዎድሮስ እጅግ አዘነ፤ ከዚያ በኋላ ጠባዩ እየከፋ መሄዱን የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ጽፈዋል። «ተዋበች ባትሞት ኖሮ» የሚል ቁጭት ዛሬም ከሰው አፍ አይጠፋም።

አሁን ወደ ጥሩወርቅ እንምጣ። አባቷ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የሰሜንና የትግሬ ገዥ ነበር። ደረስጌ ማርያምን ያሠራው እሱ ነው፤ ሊነግሥባትም ይመኝ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ነሥቶ ማረከውና፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሠ። ውቤ ታሰረ፤ እንደ ታሰረም ሞተ። ተዋበች ከሞተች በኋላ ቴዎድሮስ የእስረኛውን ልጅ አገባ፤ በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። ጥሩወርቅ ግን አልሞቀችውም። መቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ አንድ ቀን ንጉሡ ሲገባ ዳዊቷን እየደገመች ቀና ብላ አላየችውም፤ ሲቆጣም፣ እየተነጋገርሁ ያለሁት ካንተ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር ነው የሚል መልስ ሰጠችው።

እንግዲህ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ለሁለቱም የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ አባትሽ ወይስ ባልሽ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዷ ባሏን መረጠች። አንዷ አባቷን መርሳት እምቢ አለች። የመጀመሪያዋን ታማኝ ስንል ሁለተኛዋን ለምን ኩሩ እንላለን? ጥሩወርቅስ ታማኝ አይደለችምን? ልዩነቱ ታማኝ ያልሆነችው እኛ ለምንወደው ሰው መሆኑ ነው። ለተዋበች የሰጠናት ምስጋና ሲገላለጥ፣ ውስጡ ያለው የእሷ ምግባር ሳይሆን የእኛ የቴዎድሮስ ፍቅር ነው።

«የለም፤ ታማኝነት በዓላማ ይመዘናል። ቴዎድሮስ የተበታተነች አገር አንድ ሊያደርግ የተነሣ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር መቆም ከአገር ጋር መቆም ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ተዋበች አይሻል ላይ እኛ ዛሬ ከመጽሐፍ የምናየውን ዓላማ አይታ አልመረጠችም፤ ያየችው ባሏንና አባቷን ነው። ሁለተኛ፣ ዓላማ ሚዛን ከሆነ እስከ መጨረሻው ይመዝን። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠለው፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻም ራሷን ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይቶ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተተ ወደ መቅደላ ያቀናው ያው ቴዎድሮስ ነው። የፋርጣ ገበሬ በዚያ ዓመት «ከንጉሡ ጋር መቆም ከአገር ጋር መቆም ነው» ቢባል ምን ይመልስ ነበር?

ደብረ ታቦር በሄድሁ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ለአንዲት እማሆይ አቅርቤላቸው ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፊደል ከዳዊት ያልዘለለ፣ ነገር ግን ነገር የሚያውቁ ሴት ናቸው። «እማሆይ፣ ከሁለቱ ማንኛዋ ትበልጣለች?» አልኋቸው። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ጥቂት ቆዩና፣ «ልጄ፣ አባቷ እስር ቤት እያለ ለአሳሪው አልጋ የምታነጥፍ ሴት ምን ልቧ ይስቃል? ያቺም ብትሆን አባቷ አገር ለቆ ሲሸሽ ተደስታ አድራለች ብለህ ነው? ሁለቱም አልቅሰዋል። እናንተ የምትጽፉት የአንዷን ሣቅ ነው» አሉኝ።

ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ታማኝነት ምግባር የሚሆነው እምቢ ማለት ሲቻልና ዋጋ ሲከፈልበት ይመስለኛል። የተዋበች ታማኝነት ዋጋ ነበረው፤ የከፈለችው አባቷን ነው። ወደ አባቷ ቤት ልትመለስም ትችል ነበር። ስለዚህ ምስጋናው ይገባታል፤ ግን ለቴዎድሮስ ስለ ተመቸችው አይደለም። ጥሩወርቅ በበኩሏ ከመቅደላ አምባ ወርዳ መሄድ አትችልም ነበር። የቀራት ነፃነት አንዲት ጠባብ ነገር ነች፦ ቀና ብሎ ያለማየት። ያችን ጠባብ ነፃነት ተጠቀመችባት። ኩራት ያልነው ምናልባት ካላት ሁሉ ያልተወሰደባት የመጨረሻው ንብረቷ ነበር። ሊወቀስ የሚገባው ካለ፣ ልጅን እንደ ገመድ የሚሰጠውና እንደ ምርኮ የሚቀበለው ልማድ ነው። እሱን ግን «የዘመኑ ወግ» ብለን በነፃ እንለቀዋለን፤ ሴቶቹን ደግሞ እንከስሳለን።

ፍጻሜዋንም እናስታውስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሱን ገደለ። ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ስትጓዝ በወር ውስጥ ታማ ሞተች፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። የ7 ዓመቱ ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተና ዊንድዘር ተቀበረ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1876፣ ንግሥት ቪክቶሪያ «የህንድ ንግሠተ ነገሥታት» የሚል ማዕርግ ጨምራ ነበር፤ ለልጁ አዝናለት እንደ ነበርም ተመዝግቧል። ሐዘኗን አልጠራጠርም። ግን ሐዘንም እንደ ታማኝነት «ለማን?» ይባላል። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ «አይቻልም» ነው። እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንድዘር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈ ታሪክ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ከአንድ ወገን ተወልደው ወደ ሌላው ወገን የተዳሩ ሴቶች «አንቺ የማን ነሽ?» ሲባሉ ሰምተናል። የባሏ ዘመዶች ለወንድሟ ማልቀሷን እንደ ክህደት ቆጠሩባት፤ የእሷ ዘመዶች ከባሏ ጋር መኖሯን እንደ ክህደት ቆጠሩባት። ጠያቂዎቹ ሁሉ ታማኝነት የሚሉት ለእነሱ መታመንን ነው። ታማኝነት ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ነገር መሆን አለበት፤ ባሏን ሳትተው ለአባቷ የምታለቅስ ሴት ሁለቱንም አልካደችም። እንዲህ ያለችውን ሴት አንዱን ምረጪ ብሎ የሚያስጨንቃት ሰው፣ ስለ ታማኝነት ሊያስተምራት የሚችል አይደለም።