የሠሩትን ስለ መጠበቅ

ከአውሮፓ ሕዝቦች መካከል በተለይ እንግሊዞችና ጀርመኖች፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው የአትክልት ቦታ ትንሽ ሐዲድ ዘርግተው፣ በዝናምም በፀሐይም ትናንሽ ባቡሮች ሲመላለሱበት እያዩ የመደሰት ልማድ አላቸው። ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የሕፃናት ጨዋታ ነው ብሎ ማለፉ አይቀርም። ነገር ግን ሐዲዱን የሚዘረጉት፣ ዳገቱን በውሃ ልክ የሚለኩት፣ በየማለዳው ወጥተው የሚጠርጉት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የበሰሉ፣ በሌላ ሙያ ያገለገሉ ሰዎች ስለ ሆኑና ከእነርሱም መካከል ካህናት ስላልጠፉ፣ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ሰው ከጨዋታ የሚያልፍ ጥያቄ ይዞ ይገኛል። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድን ነገር የሠራ ሠሪ፣ ሥራው ፍጹም ከሆነ፣ ዘወትር ወደ ሥራው መመለስ ያስፈልገዋልን? የሚመለስስ ከሆነ፣ መመለሱ የጥበቡን ጉድለት ያሳያል ወይስ የፍቅሩን ጽናት?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) በ1715 እና በ1716፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝና የኒውተን ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊ ካህን ሳሙኤል ክላርክ፣ በዌልስ ልዕልት በካሮላይን አማካይነት በተላላኩት ደብዳቤ ተከራክረውበታል። ላይብኒትዝ የኒውተንን ተከታዮች የወቀሰው፣ እግዚአብሔርን ሰዓቱን በየጊዜው ለመጠምዘዝና ለማደስ የሚገደድ ሰዓት ሠሪ አስመሰላችሁት፣ ሠሪ ወደ ሥራው በተመላለሰ ቍጥር የሙያው ማነስ ይገለጣል በማለት ነበር። ክላርክ ደግሞ፣ ዓለም ያለ እግዚአብሔር ዘወትራዊ ጥበቃ ራሷን ችላ ትሄዳለች ማለት መግቦትን ከዓለም አስወጥቶ በስፍራው ዕድልንና ግዑዙን ነገር ማንገሥ ነው ሲል መለሰለት። ላይብኒትዝ በ1716 ስለ ሞተ ክርክሩ ሳይፈታ ቀረ።

እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩን ካሰናከሉት ነገሮች አንዱ ምሳሌው ራሱ ነው። ሰዓት በሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ ነፋስ አያገኘውም፣ ሥር አይገባበትም፣ ወፍ አያርፍበትም። ከሕያው ነገር ሁሉ ተለይቶ የተሠራ ስለ ሆነ ዋናው ምስጋናው ሳይነኩት መቆየቱ ነው፤ ስለዚህም ሰዓትን ምሳሌ ያደረገ ፈላስፋ ገና ከመነሻው ጥበቃን ከጥገና ለይቶ ለማየት የሚችልበትን መንገድ በራሱ ላይ ይዘጋል። በአትክልት መካከል የተዘረጋ ሐዲድ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ ትምህርቱንም ለመረዳት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ዛሬ ባለው መልክ የተስፋፋው ከ1968 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኑረምበርግ ከተማ የሚገኘው የሌማን የመጫወቻ ፋብሪካ፣ በወንድማማቾቹ በኤበርሃርድና በቮልፍጋንግ ሪኽተር መሪነት፣ ኤል.ጂ.ቢ. የተባለውን፣ ዝናምና ፀሐይ የሚችለውን ባቡር ለገበያ አቀረበ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው፤ ባቡሩም ከእውነተኛው 22 ተኩል ጊዜ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ይህ ስፋት በእውነተኛው ዓለም የአንድ ሜትር ሐዲድን ይወክላል። ነገር ግን ርዝመት 22 ተኩል ጊዜ ሲያንስ፣ ቁመትና ወርድም አብረው ስለሚያንሱ፣ ክብደቱ ከ11,000 ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ 30 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ልክ ቢሠራ 2 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እውነተኛው ባቡር ሳያውቀው ደፍጥጦት የሚያልፈው ጭራሮ እዚህ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ሌሊት ሐዲዱን ያቋረጠ ቀንድ አውጣ የተወው ልጋግ እንኳ መንኰራኵሩን አንሸራትቶ ባቡሩን ከነፉርጎዎቹ ዳገት ላይ ያስቆመዋል። ሠሪው ባቡሩን ማሳነስ ቻለ፤ ዝናሙን፣ ቅጠሉን፣ ውርጩንና ቀንድ አውጣውን ግን ማሳነስ አልቻለም።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። ዐሥር ሜትር ርዝመት ያለው የናስ ሐዲድ፣ በክረምት ውርጭና በበጋ ፀሐይ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ሲያገኘው፣ ከሰባት ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ጀማሪው ይህን ስለማያውቅ ሐዲዱን ከሲሚንቶ ጋር አጥብቆ ይቸነክረዋል፤ በመጀመሪያው ብርቱ ፀሐይም ሐዲዱ ወደ ጎን ተጣምሞ ያገኘዋል። ልምድ ያለው ግን በደቃቅ ጠጠር መካከል ልቅ አድርጎ ያስተኛዋል፣ በየመጋጠሚያውም ጥቂት ክፍተት ይተውለታል። እንዲህ ሆኖ የተዘረጋው ሐዲድ ፈጽሞ ስለማይታሰር ጸንቶ ይኖራል፤ እንደ ልቡ ስለሚንቀሳቀስም በየጊዜው ይታይ ዘንድ ግድ ይሆናል። ነፃነት የተሰጠው ነገር ጥበቃን ይሻልና።

የጠባቂው ሥራ እንግዲህ ማለቂያ የለውም። ናሱ በአየር ምክንያት ጠቍሮ ኤሌክትሪኩን እንዳይከለክል ይወለወላል፤ በጠጠሩ መካከል የበቀለው አረም ይነቀላል፤ ውርጭ ያነሣው አፈር ተደልድሎ የሐዲዱ ልክ ይስተካከላል፤ የመኸር ቅጠል ይጠረጋል። ለትንሹ ባቡር ደን እንዲሆኑ የተተከሉት ድንክ ጥዶችና ለሜዳ የተመረጠው ጦስኝ የሚያድጉት በራሳቸው ልክ ነው፤ የሠሪው ሚዛን አይገዛቸውምና ዛሬ ከጣቢያው ጣራ በታች የነበረችው ዛፍ ካልተከረከመች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያውን ትውጠዋለች። ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀርበት መንገድ ለሠሪው ጠፍቶት አይደለም። ያንኑ ሐዲድ ከጣራ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋው ከአቧራ በስተቀር የሚታገለው ነገር ባልኖረው ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አውቆ ወደ ውጭ አወጣው፤ ሕያው በሆነ ምድር ላይ፣ ሕያዋን በሚመላለሱበት ስፍራ አኖረው። ስለዚህ በየማለዳው መመለሱ በመጀመሪያ አጉድሎ ወይም አበላሽቶ ስለ ሠራው አይደለም፤ ሥራውን ከሕይወት ጋር ለማኖር በመረጠበት በዚያ ምርጫ ውስጥ መመለሱም አብሮ ተመርጦ ነበር። የላይብኒትዝ ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሠሪ ወደ ሥራው መመላለሱ ብቻውን የሙያውን ማነስ አያስረዳም፤ በመጀመሪያ ሥራው የት እንዲኖር እንደ ፈለገ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ሊቃወም ይችላል። ሰውየው ዝናሙን አልፈጠረውም፤ ዝናም ከውጭ መጥቶ ሥራውን ያፈርስበታል፤ ለእግዚአብሔር ግን «ውጭ» የሚባል ስፍራ የለም፤ ዝናሙም ውርጩም የእርሱ ፍጥረት ነው። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ምሳሌውም ከዚህ አልፎ ሊሄድ አይችልም። ሊቃውንቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርት እግዚአብሔር ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በአርምሞ፣ በነቢብና በገቢር ፈጠረ ሲሉ፣ ከፊሉን እምኀበ አልቦ (ካለመኖር)፣ ከፊሉንም ግብር እምግብር (አስቀድሞ ከተፈጠረው) እንዳስገኘ ለይተው ያስተምራሉ። የሰው ሥራ ሁሉ ግን ግብር እምግብር ብቻ ነው፤ ናሱን ከመሬት፣ ጠጠሩን ከድንጋይ፣ ጥዱን ከዘር ተቀብሎ ያዋሕዳል እንጂ አንዱንም አላስገኘም። ስለዚህ በሰው ጥበቃ ውስጥ ምንጊዜም ጥገና አለበት። በእግዚአብሔር ጥበቃ ግን ጥገና የለም፤ ፍጥረትን ያስገኘው ያው ፈቃድ ፍጥረትን በሕልውናው ያጸናዋል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ስትጸልይ፣ ተበላሽቶ እንዲታደስ የምትለምነው መሣሪያ የላትም፤ ሰጪው ዛሬም ሰጪ መሆኑን ትመሰክራለች። ሆኖም ምሳሌው በአንድ ነገር እንደገና ይጸናል። እግዚአብሔር ከፈጠራቸው መካከል ለመላእክትና ለሰው ነፃ ፈቃድን ሰጥቶአል፤ ይህን የሰጠ ፈጣሪም ዓለሙን በሣጥን የተዘጋ ሰዓት ሊያደርገው እንዳልወደደ ግልጽ ነው። እምቢ ለማለት የሚችል ፍጥረት ያለበትን ዓለም የወደደ አምላክ ከዓለሙ ርቆ ሊቀመጥ አይወድም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳርፈኝ ግን ስለ አዳም የተጻፈው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ ተነግሮአል፤ ይህም የሆነው ከበደል አስቀድሞ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ነገሩን አስፍቶ፣ አዳም በገነት በኖረባቸው ሰባት ዓመታት መላእክት ሥራ እንዳስተማሩት፣ ገነትንም ከአዕዋፍና ከአራዊት እንደ ጠበቃት ይተርካል። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ሞት ባልነበረበት፣ እሾህ ባልበቀለበት፣ ላብ ባልፈሰሰበት ስፍራ እንኳ ወፍን ከፍሬ ላይ የሚከለክል ጠባቂ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ጥበቃ የመርገም ልጅ አይደለም። በመርገም የመጣው የድካሙ ምሬት፣ የእንጀራው ጭንቅና የእሾሁ ብዛት ነው፤ ማበጀትና መጠበቅ ግን ከዚያ በፊት ለሰው የተሰጠ ክብር ነበር። እንጀራ የማያበላውን፣ ማንም ያላዘዘውን ሐዲድ በደስታ የሚጠርግ ሽማግሌ፣ እርሱ ባያውቀው እንኳ፣ ከዚያ ከቀደመው ሥራ ጥቂቱን ቀምሶአል ብዬ አምናለሁ።

በእንግሊዝ አገር ካህናት ለዚህ ሥራ ያሳዩት ፍቅርም ከዚህ የተነሣ አያስደንቀኝም። ከ1945 ጀምሮ ስለ ባቡሮች የተጻፉትን የታወቁ የልጆች መጻሕፍት የደረሰው ዊልበርት አውድሪ ካህን ነበር። ወዳጁ ቴዲ ቦስተንም በሌስተርሻየር በኬድቢ መንደር ደብር ሲያገለግል፣ በካህኑ ቤት አትክልት ውስጥ ሁለት ጫማ ስፋት ያለው ሐዲድ ዘርግቶ በ1963 እውነተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አስኪዶበታል። ሐዲዱን በመጥረጉ ከክህነት ሥራው የጎደለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ ፈተና የለም ማለት አይቻልም። ቢከንስፊልድ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ፣ ሮላንድ ካሊንግሃም የተባለ የሒሳብ ባለሙያ ቤኮንስኮት የተባለችውን ትንሽ መንደር ከነባቡሯ በአትክልቱ ውስጥ ሠርቶ በ1929 ለሕዝብ ከፈታት። መንደሪቱ ከዘመኑ ጋር እየተለወጠች፣ አዳዲስ ሕንፃዎችም እየተጨመሩባት ከቆየች በኋላ፣ በ1990ዎቹ ጠባቂዎቿ ወደ 1930ዎቹ መልኳ ሊመልሷት ወሰኑ። ሥራው የተወደደ ነው፤ ጎብኚም አላጣም። ነገር ግን ሰው ትንሽ ዓለም ሲሠራ፣ ማንም የማይሞትበት፣ ማንም የማይከራከረው፣ ዘመን የቆመበት ዓለም አድርጎ ሊገዛው መመኘቱ ከጥንቱ ፈተና ሩቅ አይደለም። እንደ አምላክ መሆንን መመኘት የሚጀምረው ከታላላቅ ነገሥታት ብቻ አይደለምና። አትክልቱ ለዚህ ፈተና መድኃኒት ነው እላለሁ፤ ዛፏ በየዓመቱ ታድጋለች፣ ዝናሙም ሳያስፈቅድ ይወርዳል፤ ጌታ ለመሆን የወጣውን ሰው ጠባቂ ብቻ አድርገው ይመልሱታል። ከጣራ ሥር በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ሐዲድ ይህን መድኃኒት አያገኝም፤ ስለዚህ በእኔ ፍርድ የአትክልቱ ባቡር ከቤት ውስጡ ይበልጣል።

ይህ ነገር ወደ እኛም የሚደርስበት መንገድ አለው። ያ በ45 ሚሊሜትር የተመሰለው የአንድ ሜትር ሐዲድ፣ በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛው የምድር ባቡር ስፋት ነው። 784 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ያ መስመር በድሬዳዋ በነበረው የጥገና ፋብሪካ ሠራተኞች እጅ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ ሲያገለግል ኖሮ፣ ዛሬ ሥራው በ2016 ለተመረቀው ለሌላው ሰፊ ሐዲድ ተላልፎአል። አሮጌው ሎኮሞቲቭ እንደ ቀድሞው ባይሄድም፣ መልኩንና አሠራሩን በልክ መዝግቦ ማኖር አንዱ የጥበቃ መንገድ ነው፤ ለዚህም ከጀርመን የመጣው ሚዛን ያለ አንዳች ማስተካከያ ይስማማዋል። ስለዚህ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ወጣቶች፣ በተለይም እጃችሁ ለብረትና ለእንጨት ሥራ የሠለጠነ፣ በዚያ ፋብሪካ የሠሩት አባቶች በሕይወት ሳሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የሎኮሞቲቮቹን፣ የፉርጎዎቹንና የየጣቢያውን ልክ ውሰዱ፣ ሣሉ፣ ጻፉም። ከእናንተ አንዱ የለገሃርን ጣቢያ በ22 ተኩል አሳንሶ በግቢው ውስጥ፣ በጦስኝ መካከል ቢሠራው፣ ከሠራው በኋላም በየማለዳው ወጥቶ ቢጠርገው፣ ለአገሩ ታሪክ መልካም አገልግሎት አድርጎአል።