ገልባጭ ማረም ይገባዋልን?

ባለፈው ክረምት ካዛንችስ ዳር፣ ከ2017 ዓ.ም. ፈረሳ በተረፈች አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ለኪስ ገንዘብ እሠራ ነበር። አንድ የሒሳብ መምህር የክሪፕቶግራፊ፣ ማለት የምስጢር አጻጻፍ፣ የትምህርት ማስታወሻቸውን በእጅ ጽፈው አመጡና ላቴክ በሚባለው ፕሮግራም እንድለቅምላቸው ሰጡኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ከሒሳብ ጋር የተለያየነውም በሰላም አይደለም። ምን ይደረግ፣ እንጀራ ነው።

ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባገኙት ዘዴ መቆለፊያው ቁጥር ለማንም ይነገራል፤ መክፈቻው ግን የባለቤቱ ምስጢር ነው። መምህሩ 61ን በ53 አባዝተው 3233 አገኙ፤ መቆለፊያውን 17 አሉና መክፈቻውን 413 ብለው ጻፉ። እኔ ለማመሳከር ያየኋቸው ምሳሌዎች ለነዚሁ ቁጥሮች 2753 ይላሉ። «ተሳስተዋል» አልኩና ዝም ብዬ አረምኩት። ደግሞ ኮራሁ እኮ!

ማስታወሻው ተባዝቶ ከታደለ በኋላ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ሲሟገትበት አደረ። ለካስ ሁለቱም ቁጥሮች ይከፍታሉ! 2753 የሚገኘው 60ን በ52 አባዝቶ በ3120 ሲሠሩ ነው፤ መምህሩ ግን የሁለቱን ትንሹን የጋራ ብዜት፣ 780ን፣ ወስደዋል። 17 በ413 ሲባዛ 7021 ነው፤ ለ780 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 2753ም ለ780 ቢካፈል የሚተርፈው ያው 413 ነው። ታዲያ ምን ጠፋ? መልሱ አልጠፋም፣ መንገዱ ጠፋ። ጓደኛዬ ባንዱ ገጽ 780ን፣ በሚቀጥለው 2753ን ሲያይ ድንቁርናው የራሱ መሰለው። ይህ ነው የከነከነኝ።

አንዳንዶች «ገልባጭ አፍ የለውም» ይላሉ። አልቀበልም፤ ቁጥሩ በእውነት ስሕተት ቢሆን ዝምታዬ ተማሪውን መበደል ነበር። ነገር ግን የኔን እርማት ማን ሊያርም ይችል ነበር? መምህሩ አላዩም፣ ተማሪው አያውቅም። ትምህርቱ ራሱ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ መልእክት በመንገድ ሳይነካ መድረሱ ነው፤ በመንገድ የነካሁት እኔ። (ካዛንችስ የሚለው ስምም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ አፋችን የገለበጠው ነው፤ በሱ ግን ማንም ሲሟገት አላደረም።) የአንድምታ መምህራን ሁለት ፍቺ ሲያገኙ አንዱን ፍቀው አይጥሉም፤ «አንድም» ብለው ሁለቱንም ያቆማሉ።

ሄጄ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ስልኬ ነበረህ አይደል?» አሉኝ። በአዲሱ ቅጂ 413 ተመልሷል፤ ከግርጌው «አንድም 2753» ይላል። ያችን መስመር የለቀምኳት አስፈቅጄ ነው።