የበሬው ሕግና የመኪናው በር

የመኪና በር ሁለት ጊዜ ነው የሚይዘው። በበሩ ጠርዝ ላይ በተገጠመው ሎክ ውስጥ የታጠፈ ብረት አለ፤ በሩ ሲገፋ ያ ብረት ዞሮ በመኪናው አካል ላይ የተተከለውን ወፍራም ቀለበት ያቅፋል። ከኋላው አንዲት ጥርስ ትወርድና ተመልሶ እንዳይዞር ታግደዋለች። መጀመሪያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሙሉ። የለመደ ሾፌር ሁለቱን ድምፆች ዞሮ ሳያይ ይለያቸዋል። ጥርሷን ቦታዋ ላይ የሚያቆያት ትንሽ ሞላ ነው፤ ሞላውም የሚደገፍበት ጉጥ አለው። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ደኅንነት እስከዚያች ጉጥ ድረስ ይወርዳል።

ሌላው ብልሽት ራሱን ያሳውቃል። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፣ ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይከብዳል። የበር ሎክ ግን ተሰብሮም በሩ የተዘጋ ሊመስል ይችላል። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የበር ምልክት እንኳ በብዙ መኪኖች መልእክቱን የሚቀበለው ከዚያው ከሎኩ ውስጥ ስለሆነ፣ ሎኩ ሲታመም ምስክሩም አብሮ ይታመማል። በዋሽንግተንና በሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ። ሌሊት ከደለስ ኤርፖርት ሰው ጭኜ ስወጣ፣ ተሳፋሪው የሚሄድበትን ከመንገሩ በፊት ጆሮዬ የሚጠብቀው የበሩን ሁለተኛ ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ፎርድ ፊየስታ፣ ፊውዥንና ሊንከን ኤምኬዚ ከተባሉት መኪኖቹ 390,000 ያህሉን ለጥገና መልሶ ጠራ። ሰበቡ ያች ሞላውን የምትደግፈው ጉጥ መሰበሯ ነበር። በኦገስት 2016 ደግሞ ፎከስን፣ እስኬፕን፣ ትራንዚት ኮኔክትን የመሳሰሉ 830,000 ያህል ተጠሩ። ይህ ጥሪ በመጀመሪያ የተወሰነው ሙቀትና ፀሐይ በሚበረቱባቸው 16 ግዛቶችና በሜክሲኮ ለነበሩ መኪኖች ነው። ጉጧን የሚያደክማት ሙቀት ነው ተብሎ ስለታመነ፣ ከእነዚያ ግዛቶች ውጭ ያለ ባለመኪና በሩ ቢከፈትበትም ከጥሪው ውጭ ሆነ። በወሩ ጥሪው ሰፍቶ ሁሉንም ግዛት አዳረሰ፤ ቁጥሩም ወደ 2.4 ሚሊዮን ወጣ። በ2020 ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡት፣ የመጀመሪያው ጥገና በትክክል አልተሠራ ይሆናል ተብሎ እንደገና ተጠሩ።

እኔን የሚይዘኝ ከእነዚህ ቁጥሮች በፊት ያለው ጊዜ ነው። ጥሪው ከመታወጁ በፊት በሩ ተመልሶ የሚነጥርበት፣ በአንድ እጁ መሪ በሌላው በር ይዞ የነዳ፣ በገመድ አስሮ ቤቱ የገባ ሰው ነበር። ያ ሰው ሲናገር ብቻውን ነበር። ጋራዥ ሲወስደው በሩ ይይዛል፤ ሠራተኛው አሥር ጊዜ ከፍቶ ይዘጋና "ምንም አላገኘንበትም" ይለዋል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የአንድ ሰው ቃል መቼ ነው የሚበቃው? ስንት ሰው እስኪናገር ድረስ ነው ያልሰማ ሰው "አልሰማሁም" ማለት የሚፈቀድለት?

ልጅ ሆኜ ጎጃም ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ገብቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ኑሮ ወደ ሌላ ወሰደኝ እንጂ ኦሪቱን ማንበብ አልተውኩም። በኦሪት ዘዳግም ሰውን በአንድ ምስክር መፍረድ ክልክል ነው፤ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ነው። ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ ስንት ንጹሕ ሰው በአንድ ክፉ አንደበት ከመጥፋት አድኗል። ግን ሦስት ምዕራፍ አልፎ በዚያው መጽሐፍ ሌላ ትእዛዝ አለ፦ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ እንዳያመጣ። እዚህ ላይ ምስክር አልተጠየቀም። ማንም ገና አልወደቀም። ባለቤቱ ጣራ እንዳለውና ሰው እንደሚወጣበት ማወቁ በቂ ነው።

እኔ እንደሚገባኝ ሁለቱ የሚለያዩት በዓላማቸው ነው። ለመፍረድ ምስክር ይቆጠራል። ለመጠበቅ ግን አይቆጠርም። የዘመናችን ስሕተት የፍርዱን ሚዛን አምጥተን ጥበቃው ላይ ማስቀመጣችን ይመስለኛል። አንዲት እናት "በሩ ተከፈተብኝ" ስትል፣ ማንንም እስር ቤት አላስገባችም፤ ከፍታችሁ እዩልኝ ነው ያለችው። ለማየት ሁለተኛ ምስክር ምን ያደርጋል?

መከታው የለም ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የበር ሎክን የሚመለከት ደንብ ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በሙሉ የያዘ ሎክ 11,000 ኒውተን ጉልበት፣ ማለትም ከአንድ ቶን የሚበልጥ ስበት ችሎ እንዲቆም ያዝዛል። በ2004 አገሮች ጄኔቫ ላይ ለተሽከርካሪዎች ያጸደቁት ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 1 ስለ በር ሎክ ነው። ከፍሬን፣ ከመብራት፣ ከጎማ ቀድሞ በሩ። ይህን ሳውቅ ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን ፈተናው የሚለካው ሎኩ ሲፈተን ያለውን ጥንካሬ ነው። ከሰባት የቴክሳስ በጋ በኋላ ጉጧ ምን እንደሆነች የሚያውቀው በሩን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ሕግ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለው የወጊው በሬ ሕግ የሚመጣው። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ከዚያ በፊትም ወጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በሬውም ይወገራል፣ ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው ያው ነው፣ ቀንዱም ያው ነው። የባለቤቱን ፍርድ ከነጻነት ወደ ሞት የሚያሻግረው መስማቱ ነው።

ክራይስለር ሚኒቫኖቹ ላይ የገጠመው የኋላ በር ሎክ ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት አድርሶታል። በ1994 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ በግጭት ጊዜ በተከፈተው የኋላ በር ወድቆ ሞተ። በዚያን ጊዜ ደንቡ የጎን በሮችን እንጂ የኋላውን በር አይመለከትም ነበር፤ እንዲጨመር የተወሰነው በ1995 ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከአራት ሚሊዮን በላይ ሎኮችን ያለክፍያ ሊቀይር ተስማማ፤ ጉድለት አለብኝ ብሎ ግን አላመነም። በ1997 ዳኞች 262.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ፤ ከዚህ 250 ሚሊዮኑ ቅጣት ነበር። በ2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። በመሻሩ ብዙ ሰው ይናደዳል፤ እኔ ግን ለቅጣት የሚጠየቀው ማስረጃ ከባድ መሆኑን አልቃወምም፤ የሁለትና የሦስት ምስክር ሕግ ማለት ይኸው ነው። የምቃወመው ሎኩን ለመቀየርም ያንኑ ያህል መጠበቁን ነው። ጥፋትን ሳያምኑ ሎክ መቀየር እንደሚቻል ኩባንያው ራሱ አሳይቷል። እንግዲያ ለምን ቀደም ብሎ አልሆነም?

በአሌክሳንድሪያ እኔ ባለሁበት ሕንፃ ሆም ኬር የምትሠራ እኅት አለች። ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ በ395 መንገድ ስትመጣ የኋላው የግራ በር ተከፈተ። ልጁ በወንበሩ ቀበቶ ታስሮ ስለነበር ተረፈ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ስትናገር ሁሉም "እግዚአብሔር ጠበቀሽ" አላት፤ እውነት ነው፣ ጠብቋታል። ግን ከዚያ በኋላ ስለ በሩ የጠየቃት አልነበረም። መኪናዋ ጥሪ የወጣበት አይደለም። ጋራዡም እንደ ልማዱ ምንም አላገኘሁበትም አላት። ሳምንት ያህል በሩን ከውስጥ በገመድ አስራ ነዳችና አንድ ማታ በሬን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ልሸጠው ነው። ሳልናገር ብሸጠው ኃጢአት ይሆንብኛል? ከተናገርኩ የሚገዛኝ የለም፤ ዕዳውን ደግሞ ገና አልጨረስኩም።"

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን የሰው እንጀራ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ስለከበደኝ ቤተ ክርስቲያናችን ላሉት መሪጌታ አቀረብኩት። በዚያው በዘጸአት 21 መጨረሻ የአንዱ በሬ የሌላውን በሬ ቢገድል፣ ሕያው የቀረው ተሽጦ ዋጋውን ሁለቱ ባለቤቶች እኩል ይካፈሉት የሚል አለ።

"መሪጌታ፣ ወጊውን ሽጡት ይላል እኮ" አልኳቸው።

"ይላል ልጄ፤ የትኛውን በሬ ነው የሚለው? ያልታወቀውን ነው። ልማደኛነቱ የታወቀ እንደሆነ ሽጡት አይልም፤ በሬ ስለ በሬ ክፈል ነው የሚለው።"

ከዚያ ወዲህ ይህን ብዙ አስቤዋለሁ። ያ ሕግ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ የሚያውቀውና ባለቤቱ አንድ ሰው መሆናቸው። ዐውቆ ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው ሁለቱን ይለያያቸዋል። ከሽያጩ በኋላ የሚያውቀው ሰው በሬ የለውም፤ በሬ ያለው ሰው አያውቅም። በሩ ተከፍቶ ሰው ቢሞት አዲሱ ባለቤት አልተነገረውምና ንጹሕ ነው፣ አሮጌው ባለቤት በሬ የለውምና ንጹሕ ነው። ሟቹ ብቻ ሞቷል። ሳይናገሩ መሸጥ ከውሸት የሚከፋው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውሸት አንድ ገዢን ይበድላል፣ ይህ ግን ደሙ የሚጠየቅበትን ሰው ከምድር ያጠፋል።

የአሜሪካ ሕግ ራሱ ይህን ቀዳዳ ትቶታል። ጥሪ የወጣበትን አዲስ መኪና ሳይጠገን መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ያገለገለ መኪና ሻጭን ግን ያው ሕግ አይከለክለውም። ከአሜሪካና ከዱባይ በጂቡቲ በኩል ወደ አገራችን ስንት ያገለገለ መኪና ገብቷል! የጥሪው ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት አድራሻ ይላካል፤ መኪናው አዲስ አበባ ነው። ያለክፍያ የሚጠግነው ዲለር ባሕር ማዶ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሩ ሲያስቸግር መካኒክ ከሌላ መኪና ሎክ ነቅሎ ይገጥማል፣ ወይም በሽቦ ያስራል፤ ተሳፋሪም "ቀስ አድርገህ ዝጋው" ይባላል። የመካኒኩን ብልሃት አከብራለሁ። ዕውቀቱ ግን በመንገድ ጠፍቷል።

ለእኅቴ የነገርኳት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለገዢው ንገሪው። ሁለተኛው፣ ለብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር አሳውቂ። ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግም፤ የመኪናው መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ፍጥነቱ፣ የትኛው በር እንደሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ ይሞላል። እንግሊዝኛውን እኔ ጻፍኩላት። ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ሲጠይቅ "አልደረሰም" ብለን ሞላን፤ እርሷ ግን ቀበቶው ባይኖር ልጁ እንደሚወድቅ ካልተጻፈ አልልክም አለች፤ ጻፍነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው? በኤርፖርቱ የታክሲ መጠበቂያ የምሰማው የበር ታሪክ ብዙ ነው፤ አንዱ እንግሊዝኛው አስፈርቶት፣ ሌላው ስሙ መንግሥት ዘንድ እንዲገባ ሳይፈልግ፣ ብዙው ደግሞ ተመስገን ብሎ በዚያው ይተወዋል። ምስጋናው ወደ እግዚአብሔር ደርሷል፤ ምስክርነቱ ግን ቀጥሎ በዚያ መኪና ለሚነዳው ሰው አልደረሰም። ባለሥልጣኖቹ ከሚቆጥሩት ውስጥ የእኛ በሮች የሉም።

መኪናውን የገዛው በግንባታ የሚሠራ የኤልሳልቫዶር ሰው ነው። ነገረችው። በሩን ደጋግሞ ከፈተው፣ ዘጋው፤ አጎንብሶ ሎኩን አየው፤ ሎኩን ራሱ እንደሚቀይረው ተናግሮ ስምንት መቶ ዶላር ቀንሺልኝ አለ። ቀነሰች። ደስ ብሏት አይደለም፤ ለእርሷ የቤት ኪራይዋ ግማሽ ነው። እኔም ደስ አላለኝም። ኪሳራው እኩል የሚካፈለው ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ያወቀ ሰው ካለ ግን ሙሉውን የሚሸከመው እርሱ ነው። ከእርሷ በፊትም ስለዚያው ዓይነት መኪና በር ያመለከቱ ሌሎች ባለመኪናዎች መኖራቸውን ቅሬታዋን ስንሞላ አንብበናል። ለሠሪው ተነግሮታል ማለት ነው። ስምንት መቶውን መክፈል ያለበት እርሱ ነው፤ ከእርሱ በኩል ግን እስከ ዛሬ ወደ ቤቷ የመጣ ደብዳቤ የለም።